ቴክትሮኒክስ 465 ኦሲሎስኮፕ፦ ከሚመጣና ከሚሄድ ብልሽት ጋር ያሳለፍኩት አንድ ዓመት

ቴክትሮኒክስ 465 የተባለውን ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ምልክትን ስክሪን ላይ በብርሃን መስመር የሚያሳይ መለኪያ) የገዛሁት ባለፈው ዓመት፣ በምኖርበት በሜሪላንድ የራዲዮ አማተሮች በሚያቆሙት የቅዳሜ ገበያ ላይ ነው። ሻጩ አዛውንት ነበሩ። መሣሪያውን አብርተው ሁለቱንም ቻናሎች (የምልክት መግቢያዎች) አሳዩኝና፣ ገንዘቡን ከመቀበላቸው በፊት «የቻናል 1 መስመር አንዳንድ ቀን ይዘላል፤ ምክንያቱን ፈልጌ አላገኘሁትም» ብለው ነገሩኝ። ይህን በመናገራቸው ዋጋው ከ100 ዶላር ብዙ ሳይርቅ ተስማማን። 10 ኪሎ ያህል የሚመዝነውን ሣጥን በእጀታው አንጠልጥዬ ወደ መኪናዬ ስሄድ፣ ብልሽቱን በአንድ ቅዳሜና እሁድ እንደምጨርሰው አልተጠራጠርኩም ነበር። አራት ወር ፈጀብኝ።

50 ዓመት የተጠጋውን የመለኪያ መሣሪያ ከብልሽቱ ነጥሎ መገምገም አይቻልም። በዚህ ዕድሜ አንድ ነገር መበላሸቱ አይቀርም፤ ስለዚህ እኔ የመዘንኩት መሣሪያው በተበላሸ ጊዜ ብልሽቱን ለሚፈልገው ሰው ምን ያህል እንደሚያግዘው ነው። በዚህ መለኪያ 465 ከነካኋቸው መሣሪያዎች ሁሉ ይበልጣል።

ለማያውቁት አንባቢዎች ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። ቴክትሮኒክስ በ1946 በአሜሪካ ኦሬገን ግዛት የተመሠረተ ኩባንያ ሲሆን፣ 465ን ለገበያ ያቀረበው በ1972 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሁለት ቻናል፣ የ100 ሜጋኸርዝ ስፋት (በሰከንድ እስከ 100 ሚሊዮን ጊዜ የሚመላለስ ምልክት ያሳያል ማለት ነው)፣ የ3.5 ናኖሰከንድ የመነሻ ጊዜ አለው። በቁመት እያንዳንዱ ካሬ ከ5 ሚሊቮልት እስከ 5 ቮልት ይመደብለታል፤ በአግድም ከግማሽ ሰከንድ እስከ 0.05 ማይክሮሰከንድ ይሄዳል፤ የ10 እጥፍ ማጉያው ሲበራ ደግሞ 5 ናኖሰከንድ ይደርሳል። በዚያ ዘመን ይህን ያህል አቅም ያለው ኦሲሎስኮፕ አንድ ሰው በእጁ አንጠልጥሎ ኮምፒውተር ወደተበላሸበት ክፍል ይዞት መግባቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ስክሪኑ 8 በ10 ሴንቲሜትር ሲሆን፣ የካሬዎቹ መስመሮች የተሠሩት ከመስታወቱ በውስጥ በኩል በመሆኑ፣ ከጎን ሆነው ቢያዩትም ንባቡ አይዛባም። በስክሪኑ መስታወት ውስጥ ብርሃኑን የሚፈጥሩትን ኤሌክትሮኖች የሚያፈጥነው ኃይል 18 ሺህ ቮልት ያህል ነው። ይህን ቁጥር ያነሣሁት ለአድናቆት ብቻ አይደለም፤ ሽፋኑን ለሚከፍት ሰው ማስጠንቀቂያ ነው።

ስለ ስሞቹም አንድ ነገር ልጨምር፤ ገበያ ላይ ግር ያሰኛሉና። 475 የ465 ታላቅ ወንድም ሲሆን 200 ሜጋኸርዝ ይደርሳል። 464 እና 466 ግን ምስልን ስክሪኑ ላይ ይዘው ለማቆየት በተለየ የስክሪን መስታወት የተሠሩ ስለሆኑ፣ ያረጀ መስታወታቸውን መተካት ከባድ ነው። 465 ቢ ከ465 በኋላ የመጣ ማሻሻያ ነው። እኔ የምጽፈው ስለ መጀመሪያው 465 ብቻ ነው።

አዲስ አበባ፣ አውሮፓ፣ እስራኤል ወይም የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሆናችሁ ከአሜሪካ ለማስመጣት ለምታስቡ፣ መሣሪያው በ115 ቮልትም በ230 ቮልትም እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው፤ መቀየሪያው ከኋላ በኩል ይገኛል። ኮረንቲ ላይ ከመሰካታችሁ በፊት መቀየሪያውን ማዞር፣ ፊውዙንም ለዚያ ቮልት በተመደበው መለወጥ ያስፈልጋል። በተረፈ የስፒናውን ሦስተኛ እግር፣ ማለትም የመሬቱን፣ በፍጹም አትቁረጡ። እኛ አገር ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ባለ ሁለት ቀዳዳ ሆኖ ሲገኝ ሦስተኛውን እግር በፒንሳ ማንሣት የተለመደ ነው፤ ኦሲሎስኮፕ ላይ ግን የፕሮቡ፣ ማለትም የመለኪያ ጫፉ፣ ጥቁር መቆንጠጫና የሣጥኑ ብረት ከዚያ እግር ጋር አንድ ናቸው። እግሩ ተቆርጦ መቆንጠጫው ኮረንቲ ያለበት መስመር ላይ ካረፈ፣ ሣጥኑን የነካ ሰው ኮረንቲ ይይዘዋል።

አሁን ወደ ብልሽቱ። መሣሪያው በበራ 20 ደቂቃ ገደማ ላይ፣ የቻናል 1 የብርሃን መስመር ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሁለት ካሬ ያህል ወደ ላይ ይዘላል። አንዳንድ ጊዜ ወዲያውኑ ይመለሳል፤ አንዳንድ ጊዜ ለደቂቃዎች እዚያው ይቆያል፤ አልፎ አልፎም ከስክሪኑ ጨርሶ ይጠፋል። እዚህ ላይ የመሣሪያውን የመጀመሪያ ብልሃት አደነቅሁ፦ ፊቱ ላይ «ቢም ፋይንደር» የሚባል ቁልፍ አለ፤ ሲጫኑት የጠፋውን መስመር ጨምቆ ወደ ስክሪኑ ይመልሰዋል። መስመሩ ከላይኛው ጫፍ ተጣብቆ ስላገኘሁት ብርሃኑ እንዳልጠፋ፣ የተገፋው ወደ ላይ እንደሆነ አወቅሁ። ሣጥኑን በመዳፌ ጠፍ ሳደርገው አንዳንዴ ይስተካከላል፤ አንዳንዴ ግን ጭራሽ ይብስበታል።

የመጀመሪያው ስህተቴ መቸኮል ነበር። በ465 ውስጥ በርካታ ትራንዚስተሮች (ምልክትን የሚያጎሉ ባለ ሦስት እግር ክፍሎች) ቦርዱ ላይ የተበየዱ ሳይሆኑ በትናንሽ ሶኬቶች ላይ የተሰኩ ናቸው። ያረጀ ሶኬት ኮንታክቱ እንደሚበላሽ ማንም ጠጋኝ ያውቃል፤ እኔም በአንድ ምሽት የቻናል 1ን ትራንዚስተሮች ሁሉ አንድ በአንድ ነቅዬ መልሼ ሰካኋቸው። ብልሽቱ ጠፋ። ለ11 ቀን መሣሪያውን ከሥራ መልስ በየምሽቱ ስጠቀምበት መስመሩ አንድም ቀን አልዘለለም፤ ለወዳጆቼም «ተጠግኗል» ብዬ አወራሁ። በ12ኛው ቀን መስመሩ ዘለለ። ያን ምሽት የተረዳሁት ነገር ከዚያ በኋላ ለሠራሁት ሥራ ሁሉ መነሻ ሆነኝ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ በመነካካቴ የዝገቱን ቆዳ ለጊዜው ቧጨርኩት እንጂ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ የሚነግረኝን ምልክት በገዛ እጄ አጥፍቼው ነበር። የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት ሲጠፋ መደሰት አይገባም፤ እያለ ነው የሚያዘው።

በሁለተኛው ዙር ለሁለት ሳምንት ሽፋኑን አልከፈትኩም። ደብተር አውጥቼ መሣሪያው የበራበትን ሰዓት፣ የክፍሉን ሙቀት፣ መስመሩ የዘለለበትን ደቂቃና ወዴት እንደዘለለ ብቻ ጻፍኩ። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው። ነገር ግን ከደብተሩ ሁለት ነገር ወጣ፦ ብልሽቱ የሚመጣው መሣሪያው ከሞቀ በኋላ ነው፤ ደግሞም ሁልጊዜ የሚዘለው ወደ ላይ ብቻ ነው። አቅጣጫው አለመለዋወጡ አንድ የተወሰነ ቦታ እንዳለ ጠቆመኝ።

ቀጥሎ ያደረግሁት መሣሪያው ራሱ በፊቱ ላይ ባሉት ቁልፎች ጥያቄዎቼን እንዲመልስ ነው፤ ካቻቪቴ አያስፈልግም። ሁለቱን ቻናሎች በተራ በተራ በሚያሳየው ሁኔታ ላይ አድርጌ ሁለቱንም መስመሮች ስክሪኑ ላይ አስቀመጥኩ። ቻናል 1 ሲዘል ቻናል 2 ከቦታው አልተነቃነቀም። ሁለቱ ቻናሎች ከተገናኙ በኋላ ያለው መንገድ የጋራ ስለሆነ፣ ብልሽቱ ከመገናኛው በፊት እንደሆነ በዚህ ተረጋገጠ፤ ግማሹ መሣሪያ ከጥርጣሬ ወጣ። ከዚያም የቻናል 1ን ማስገቢያ «ግራውንድ» ላይ አደረግሁት። በዚህ ጊዜ ከፕሮቡም ሆነ ከማስገቢያው ምንም ነገር ወደ ማጉያው አይደርስም። መስመሩ ግን አሁንም ዘለለ። ስለዚህ ፕሮቡ፣ ገመዱ፣ የማስገቢያው ሶኬትና የቮልት መቀነሻው ሁሉ በዚህ ዝላይ እጃቸው የለበትም፤ ጥፋተኛው ከእነሱ በኋላና ከመገናኛው በፊት ባለው አጭር መንገድ ላይ ነው። አንድ ብሎን ሳልፈታ ብልሽቱን ከአንድ መዳፍ ብዙ በማይበልጥ የቦርድ ክፍል ውስጥ ከበብኩት።

ሽፋኑን ከከፈትኩ በኋላ መጀመሪያ የኃይል ምንጮቹን ለካሁ። 465 በውስጡ 110፣ 55፣ 15 እና 5 ቮልት፣ እንዲሁም ኔጌቲቭ 8 ቮልት ያመነጫል፤ ለእያንዳንዳቸው የመለኪያ ነጥብ ቦርዱ ላይ ተለይቶ ተጽፎላቸዋል። ሁሉም በቦታቸው ነበሩ፤ ብልሽቱ በመጣበት ሰዓትም አልተንቀሳቀሱም። ይህን የማደርገው ጥርጣሬ ስለነበረኝ ሳይሆን፣ ኃይሉን ሳይለኩ ሌላውን መለካት ትርፉ ድካም ስለሆነ ነው። ከፍተኛው ቮልት ወዳለበት ክፍል ግን ጭራሽ አልተጠጋሁም። ወደዚያ መግባት ግድ የሚሆንበት ሰው ስፒናውን ነቅሎ፣ መስታወቱ የያዘውን ኃይል ማስወጣቱን አረጋግጦ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከቶ ይግባ።

ከዚህ በኋላ ያለው ችግር ጠጋኞች ሁሉ የሚያውቁት ነው፦ መስመሩ ሲዘል ማልቲሜትሬን አንሥቼ ጫፉን እስካሳርፍ ድረስ መስመሩ ተመልሶ ይቆየኛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። መፍትሔው ማልቲሜትሩ ጅቡን ቀድሞ እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። መሣሪያውን አጥፍቼ፣ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ንባብ መዝግቦ የሚይዝ ማልቲሜትር በትናንሽ መቆንጠጫዎች አሰርኩ፤ ከዚያ አብርቼ ወደ ሌላ ሥራዬ ሄድኩ። ስመለስ መስመሩ በቦታው ቢሆንም እንኳ፣ በሌለሁበት ሰዓት የሆነውን ቁጥሩ ይነግረኛል።

የት እንደማስር የነገረኝ ደግሞ የመሣሪያው አሠራር ነው። የቁመት ማጉያው ጥንድ ነው፤ ምልክቱ በሁለት ጎን፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው እየወረደ፣ ጎን ለጎን ይጓዛል፤ ምልክት በሌለ ጊዜ የሁለቱ ጎን ቮልት ተቀራራቢ መሆን አለበት። በዚያ ላይ ቻናል 2 የቻናል 1 መንታ ነው፤ ክፍሎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ በሽተኛውን ከጤነኛው ጋር እያስተያየሁ፣ ከመገናኛው ወደ ኋላ እርምጃ በእርምጃ ሄድኩ። በየምሽቱ አንድ ነጥብ ብቻ ነበር የምለካው፤ ምክንያቱም ለአንድ ነጥብ አንድ ሙሉ የመሞቂያና የመጠበቂያ ጊዜ ያስፈልገዋል። በዘጠነኛው ምሽት የሁለቱ ጎን ልዩነት የታየበትን ደረጃ አገኘሁ፤ ከእሱ በፊት ያለው ደረጃ ግን ደህና ነበር። በመካከላቸው አራት ትራንዚስተሮች አሉ።

እዚህ ላይ ነው ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚጠቅመው። ባለቤቴ የፀጉር ማድረቂያዋ ሳሎን ውስጥ ምን እንደሚሠራ ስትጠይቀኝ የሰጠሁት መልስ እስከ ዛሬ አላሳመናትም። ቦርዱን መስመሩ እስኪዘል ድረስ በማድረቂያው ቀስ አድርጌ አሞቅሁት። ከዚያ የተጨመቀ አየር ያለበትን ቆርቆሮ ገልብጬ፣ የሚወጣውን ቀዝቃዛ ፈሳሽ በቀጭኑ ቱቦ ወደ አንድ ትራንዚስተር ብቻ አንጠባጠብኩ። አንደኛው ላይ ምንም። ሁለተኛው ላይ ምንም። ሦስተኛው ነጭ ውርጭ እንደለበሰ መስመሩ ሁለት ካሬ ወርዶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሲሞቅ እንደገና ዘለለ። ደገምኩት፤ ደገመልኝ።

ለማረጋገጥ የደረቀ የጥርስ መፋቂያ አነሣሁ። የወይራ መፋቂያ ኮረንቲ አያስተላልፍም፤ ጫፉም ለስላሳ ስለሆነ ቦርድ አይቧጭርም፤ ለዚህ ሥራ ተብሎ ከሚሸጠው የፕላስቲክ እንጨት የሚያንስበት ነገር አላየሁም። በመፋቂያው የትራንዚስተሩን ራስ ወደ ግራ ገፋ ሳደርገው መስመሩ ወጣ፤ ወደ ቀኝ ሲገፋ ወረደ። አራት ወር ያንከራተተኝ ነገር በመፋቂያ ጫፍ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ይታዘዘኝ ጀመር። ከዚያ በኋላ በማልቲሜትሩ ከትራንዚስተሩ እግር አናት እስከ ቦርዱ ብየዳ ድረስ ለካሁ። አንድ ብረት ከሌላ ብረት ጋር በደንብ ከተገናኘ በመካከላቸው የሚነበብ ቮልት ሊኖር አይገባም፤ እዚህ ግን ከዜሮ ተነሥቶ ከ100 ሚሊቮልት በላይ እየዋለለ ነበር።

ነቅዬ በአጉሊ መነጽር ሳየው ምክንያቱ ግልጽ ሆነ። ትራንዚስተሩ ከፋብሪካ የመጣው አልነበረም። ከእኔ በፊት የነበረ አንድ ጠጋኝ በሌላ ዓይነት ተክቶታል፤ የተተካው እግሮቹ ቀጭን ስለሆኑ የሶኬቱ ምንጭ አጥብቆ አልያዛቸውም፤ ከሦስቱ እግሮች በአንዱ ላይ፣ ኮንታክቱ በሚያርፍበት ቦታ፣ እንደ ቀለበት የከበበ ጥቁር ዝገት ነበር። ከፋብሪካ የመጡት ጎረቤቶቹ ግን ይህን ሁሉ ዓመት በዚያው ዓይነት ሶኬት ላይ ቆይተው እግራቸው አሁንም ያበራል። አንዳንድ ጠጋኞች ሶኬቱን ሁሉ አስወግደው ትራንዚስተሮቹን በሊድ መበየድ ይመክራሉ። እኔ አልስማማም፤ ጥፋተኛውን ቦርዱን ሳልጎዳ ነቅዬ እንዳየው ያስቻለኝ ያው ሶኬት ነው። ሶኬቱን ቀየርኩ፤ በማኑዋሉ የዕቃ ዝርዝር ላይ ያለውን ዓይነት ትራንዚስተር ከአንድ ከረጢት ሁለት አውጥቼ ለጥንዱ ለሁለቱም ጎን ተከልኩ፤ ሚዛኑንም በማኑዋሉ መሠረት መልሼ አስተካከልኩ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት መስመሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ልቤ ይደነግጥ ነበር። አንድ ቀን ድንጋጤዬ ትክክል ሆነ። 465 ፊቱ ላይ 300 ሚሊቮልት፣ 1 ኪሎኸርዝ ገደማ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ሞገድ የሚያወጣ መፈተሻ አለው፤ በ10 እጥፍ ቀናሽ ፕሮብ ሲታይ 30 ሚሊቮልት ይሆናልና፣ በ5 ሚሊቮልት ምድብ ላይ ቁመቱ 6 ካሬ መምጣት አለበት። 6 የነበረው በድንገት ወደ 4 ወረደ። ይሁን እንጂ ይህ የቀድሞው ብልሽት አልነበረም፦ መስመሩ አልዘለለም፤ ማስገቢያው «ግራውንድ» ላይ ሲሆን ምንም አይታይም፤ የቮልት መምረጫውን አንድ ምድብ አዙሬ ስመልሰው ለጊዜው ይስተካከላል። ሁለት ብልሽቶች ተደራርበው እንደነበር፣ የመጀመሪያውም ሁለተኛውን ሸፍኖት እንደኖረ ገባኝ። ሻጩ አዛውንት ለምን ተስፋ እንደቆረጡ የተረዳሁትም ያኔ ነው።

ሁለተኛው ጥፋተኛ የቮልት መምረጫው ነበር። በዚህ መሣሪያ ውስጥ መምረጫዎቹ የተሠሩት እንደ ተራ ማዞሪያ አይደለም፤ ጎርባጣ ዘንግ ሲዞር ቀጫጭን ወርቅ የተቀቡ የብረት ጣቶችን ወደ ታች እየገፋ፣ ቦርዱ ላይ ባሉ ወርቅ የተቀቡ ሰሌዳዎች ላይ ያሳርፋቸዋል። ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ነው። ወርቁ ስስ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀትም ሆነ በማንኛውም ሻካራ ነገር መነካት የለበትም፤ ኮንታክት ማጽጃ ብሎ የሚረጨውን ሁሉ ማርከፍከፍም ቅባቱ አቧራ ይዞ እንዲቆይ ያደርጋል። እኔ ያደረግሁት ንጹሕ ወረቀት በቀጭኑ ቆርጬ፣ አይሶፕሮፒል አልኮል አስነክቼ፣ በጣቱና በሰሌዳው መካከል ማስገባትና በቀስታ ወደ ውጭ መሳብ ነው። የመጀመሪያው ወረቀት ግራጫ ሰረዝ ይዞ ወጣ፤ ሁለተኛው ቀለል ያለ፤ ሦስተኛው ነጭ። ጣቶቹ ከታጠፉ ምንጫቸው እንደ ቀድሞው ስለማይመለስ ወረቀቱን መጎተት የሚገባው ጣቱ በሚተኛበት አቅጣጫ ብቻ ነው። የሁለቱን ቻናሎች ለመጨረስ አንድ ሙሉ እሁድ ወሰደብኝ፤ ከዚያ ወዲህ 6 ካሬው 6 ሆኖ ቀርቷል።

ይህ ሁሉ የሆነው በማኑዋሉ ነው። ስለ 465 ሲጻፍ ሁሉም 100 ሜጋኸርዙን ያነሣል፤ እኔ ግን ከመሣሪያው ዋጋ ግማሹን የምሰጠው ለጥገና ማኑዋሉ ነው። ዛሬ ስካን ተደርጎ በነፃ ይገኛል። እያንዳንዱ ክፍል እንዴት እንደሚሠራ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ተብራርቶበታል፤ በሥዕሎቹ ላይ መኖር ያለበት ቮልት ተጽፏል፤ ሞገዱ ምን መምሰል እንዳለበትም በፎቶግራፍ ተቀምጧል። ጸሐፊዎቹ አንባቢው መሣሪያውን እንደሚከፍት ገምተው፣ እንዲያውም እንዲከፍተው ፈልገው እንደጻፉት በየገጹ ይታያል። ከዘመናዊ መሣሪያ ጋር ከሚመጣው፣ ሽፋኑን እንዳትከፍቱ ብቻ ከሚያስጠነቅቀው ወረቀት ጋር ሳስተያየው፣ የሚከፈለው ገንዘብ ምን እንደሚገዛ ጥያቄ ይሆንብኛል።

ድክመቶቹን ግን መሸፈን አልፈልግም። የታንታለም ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ ክፍሎች) በዕድሜ ምክንያት ሾርት ማድረግ ይወዳሉ፤ እንዲህ ሲሆን አንዱን የኃይል ምንጭ ወደ ታች ይጎትቱና መሣሪያው የሞተ ይመስላል። ይህ ለመጠገን ከባድ አይደለም። የሚከብደው ኩባንያው ለራሱ ብቻ የሠራቸው አይሲ የሚባሉት ቺፖችና የከፍተኛ ቮልት ማባዣው ናቸው፤ አዲስ ስለማይሠሩ፣ የሚገኙት ከሌላ የሞተ 465 ውስጥ ብቻ ነው። በብዙ ጠጋኞች ጓዳ ውስጥ ሁለተኛ፣ ባዶ ሊሆን የተቃረበ 465 የሚገኘውም ለዚህ ነው። ከዚህ ሌላ መሣሪያው ያየውን አይዘግብም። በሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ብልጭ የሚል ምልክት እናንተ ዞር ባላችሁበት ካለፈ አለፈ። አስቂኙ ነገር፣ የሚመጣና የሚሄድ ብልሽትን በሌላ ዕቃ ላይ ለማደን ከሆነ፣ ምስል የሚያስቀር ርካሽ ዲጂታል ኦሲሎስኮፕ ከ465 በብዙ ይሻላል።

ስለዚህ አንድ ኦሲሎስኮፕ ብቻ መግዛት ለሚችልና ነገ ጠዋት ሥራ ለሚጠብቀው ሰው 465ን አልመክርም። ኤሌክትሮኒክስ ለሚማር፣ ከትራንዚስተር ጋር በእጁ መተዋወቅ ለሚፈልግና ጊዜ ላለው ሰው ግን ከዚህ የተሻለ አስተማሪ በዚህ ዋጋ አላውቅም። ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት የሚላክ ከሆነ፣ የ10 ኪሎው ጭነት ከመሣሪያው ዋጋ ሊበልጥ እንደሚችል አስቀድሞ ማስላት ይገባል፤ በተለይ የስክሪኑ መስታወት አንገት ግጭት ስለማይወድ ሣጥኑ በስፖንጅ ካልታሸገ ባይላክ ይሻላል።

ለመግዛት የወሰነ ሰው ገበያ ላይ ቸኩሎ አይክፈል። መሣሪያውን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አብርቶ ያቆየው፤ የእኔ መስመር የዘለለው በ20ኛው ደቂቃ ላይ መሆኑን ያስታውስ። ሁለቱንም ቻናሎች መፈተሻው ላይ አድርጎ፣ ሁሉንም የቮልት ምድቦች አንድ በአንድ ያዙር፤ ቁመቱ እንደ ምድቡ ካልቀነሰና ካልጨመረ ኮንታክቱ ቆሽሿል ማለት ነው። ማስገቢያውን «ግራውንድ» ላይ አድርጎ መስመሩን ለአምስት ደቂቃ ይመልከት። ከዚያ ሣጥኑን በመዳፉ ከላይም ከጎንም ጠፍ ጠፍ ያድርገው። ሻጩ ይህን የሚከለክል ከሆነ፣ የዋጋው ድርድር የሚጀምረው ከዚያ ላይ ነው።